የለንደን ማራቶን ዕጣና የጎን በሮቹ

ዲቪ ሞልቶ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ጠብቆ ላደገ የአዲስ አበባ ሰው ወሬው ቀልድ ሊመስለው ይችላል። ለቤት አይደለም። ለአሜሪካ ቪዛም አይደለም። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር በእግሩ ለመሮጥ፣ ያውም ከኪሱ ከፍሎ ላቡን ለማፍሰስ፣ 1,133,813 ሰው በአንድ ሳምንት ውስጥ ለዕጣ ተመዘገበ። ለ2026ቱ የለንደን ማራቶን የቀረበው ማመልከቻ ብዛት ይህ ነው። ከእሱ በፊት ለነበረው ዓመት 840,318 ሰው አመልክቶ ነበር፤ ያኔም ይህን የመሰለ ቁጥር ታይቶ አይታወቅም ተብሎ ተጽፎለት ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስሌቱ ቀላል ነው። በሚያዝያ 2025 ሩጫውን የጨረሱት 56,640 ሰዎች ናቸው። ይህን የሚያህል ቦታ አንድም ሳይቀር ለዕጣ ቢቀርብ እንኳ ከ20 አመልካች የሚደርሰው ለአንዱ ብቻ ነው። ቦታው ሁሉ ግን ለዕጣ አይቀርብም። ጭቅጭቁም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

እጥረቱ ከውድድሩ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ክሪስ ብራሸርና ጆን ዲስሊ የተባሉ ሁለት ብሪታንያውያን የቀድሞ ሯጮች በ1979 ኒው ዮርክ ሄደው ሮጡ፤ ያዩት ነገር ልባቸውን ነካውና በማርች 1981 የመጀመሪያውን የለንደን ማራቶን አካሄዱ። ያኔም ከ20,000 በላይ ሰው ልሩጥ ብሎ ነበር፤ የተፈቀደለት ከግማሽ በታች ነው፤ 6,255 ሰው ጨረሰ። ቀድመው የደረሱት አሜሪካዊው ዲክ ቤርድስሊና ኖርዌያዊው ኢንጌ ሲሞንሰን መሸናነፉን ትተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ገቡ። ዛሬ ሁለት ጓደኛሞች እንደዚያ እናድርግ ቢሉ መጀመሪያ የሁለቱም ዕጣ መውጣት አለበት።

የቦታው ማነስ ሰው ሠራሽ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። መንገዱ ከግሪንች አካባቢ ተነሥቶ፣ ካቲ ሳርክ የተባለችውን አሮጌ መርከብ ዞሮ፣ ታወር ብሪጅን ተሻግሮ፣ በካናሪ ወርፍ ሕንፃዎች ሥር ተጠማዞ ቤተ መንግሥቱ ጋ ያልቃል። አንዳንዱ ቦታ ጠባብ ነው። ሰዉ በቡድን በቡድን ተከፋፍሎ ባይለቀቅ ገና ከመነሻው ይረጋገጣል። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ቀሪው ጥያቄ ማን ይመረጥ፣ በምንስ ይመረጥ የሚለው ነው።

በሮቹ ብዙ ናቸው። አንደኛው ሁሉም የሚያውቀው ዕጣ ነው። ሁለተኛው በሰዓት ነው፤ የብሪታንያ ነዋሪ ሆኖ ለዕድሜው የተቀመጠውን ሰዓት ያሟላ ይገባል፤ እሱም ኮታ አለው፤ ለወጣት ወንዶች ሦስት ሰዓትን መስበር ብቻውን የሚበቃበት ጊዜ አልፏል። የአትሌቲክስ ክበቦች እንደ አባሎቻቸው ብዛት ጥቂት ቦታ ይሰጣቸዋል። ከውጭ ለሚመጡ ደግሞ ሆቴልና የሩጫ ቁጥር አንድ ላይ የሚሸጡ አስጎብኚዎች አሉ። ከሁሉም ሰፊ ክርክር ያለበት በር ግን የበጎ አድራጎቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በጎ አድራጎት ድርጅቶች ከአዘጋጁ ቦታ ይገዛሉ፤ የሚከፍሉት በዕጣ የገባ ሰው ከሚከፍለው በእጅጉ ይበልጣል። ቦታውን ደግሞ «ይህን ያህል ገንዘብ አሰባስቤ አመጣለሁ» ብሎ ቃል ለሚገባ ሯጭ ይሰጣሉ። የተለመደው መነሻ 2,000 ፓውንድ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቁም አሉ። በዚህና በመሰል መንገድ የ2025ቱ ሩጫ 87.3 ሚሊዮን ፓውንድ አስገኝቷል። በአንድ ቀን ዝግጅት ይህን ያህል የተሰበሰበበት ሌላ ቦታ በዓለም የለም። ከ1981 ጀምሮ የተሰበሰበው ሲደመር ከአንድ ቢሊዮን ፓውንድ አልፏል። ገንዘቡ ለካንሰር ምርምር፣ ሊሞቱ የተቃረቡ ሕሙማን ለሚታከሙባቸው ቤቶች፣ ለሕፃናት ሆስፒታሎች ይውላል። ይህን የሚያጣጥል ሰው በሚገባ ቢያስብ ይሻላል።

ይሁን እንጂ አንዲት ሴት እንውሰድ። ለንደን ውስጥ በአረጋውያን መንከባከቢያ የምትሠራ ሐበሻ ናት እንበል። ሌሊት ትሠራለች፤ ጠዋት ከሥራ ስትወጣ በቦዩ ዳር ትሮጣለች። ለአምስት ዓመት ዕጣ ሞልታ አምስቴም «ይቅርታ» የሚል መልእክት ደርሷታል። ጓደኛዋ «ለምን በበጎ አድራጎት አትገቢም?» ትላታለች። ትሞክረው ይሆን? 2,000 ፓውንድ የምትጠይቀው ማንን ነው? አብረዋት የሚሠሩት እንደሷ ደመወዛቸው ከቤት ኪራይና ወደ ሀገር ቤት ከሚልኩት የማይተርፍ ሰዎች ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎቿ ባለፈው ወር ለሐዘን አዋጥተዋል፤ ከዚያ በፊት ለአንድ ታማሚ መታከሚያ፤ ከዚያም በፊት ለተፈናቀሉ። ሐበሻ ማዋጣት ያውቅበታል፤ መዋጮውም ወረፋ አለው። በዚያ ወረፋ ላይ «ልሮጥ ነውና እርዱኝ» ብሎ መቆም ይከብዳል። ያፍራል ሰው።

በዚያው ቀን፣ በዚያው ከተማ፣ ካናሪ ወርፍ ባንክ ውስጥ የሚሠራ ሰው ለመቶ ባልደረቦቹ አንድ መልእክት ይልካል። እያንዳንዱ 10 ፓውንድ ቢሰጠው 1,000 ሞላ። ሠራተኛ የሰበሰበውን ያህል እኛም እንጨምራለን የሚሉ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ የሱም ከነዚያ አንዱ ከሆነ 2,000 ሆነ፤ ጉዳዩ በምሳ ሰዓት አለቀ። ይህ ሰው ምንም አላጠፋም። በጎ ነገር አድርጓል፣ ይሮጣልም። ግን ቦታውን ያገኘው በእግሩም በዕድሉም አይደለም። ያገኘው ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ስለሚያውቅ ነው።

ስለዚህ የበጎ አድራጎቱ በር ሽያጭ ነው። ዋጋው የሚሰላው በሯጩ ኪስ ሳይሆን በወዳጆቹ ኪስ መሆኑ ብቻ ነው ከተራ ሽያጭ የሚለየው። ይህን በስሙ መጥራት በሩን ዝጉት ማለት አይደለም። 87 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያመጣን በር የሚዘጋ ጤነኛ ሰው የለም። ግን አንድ ነገር ሲሸጥ ይሸጣል ይባላል፤ ምን ያህሉ ለሽያጭ፣ ምን ያህሉ ለዕጣ እንደቀረበም አስቀድሞ ይነገራል። ዕጣው ራሱ እንኳ ከገንዘብ ንጹሕ አይደለም፦ የብሪታንያ ነዋሪ የሆነ አመልካች «ዕጣው ባይደርሰኝም ክፍያዬን ለግሻለሁ» ብሎ ከፈረመ፣ መጀመሪያ ሲወድቅ ለሁለተኛ ዕጣ ይገባል። ገንዘቡ ለመልካም ሥራ ነው፤ እውነት ነው። መለገስ የማይችለው ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሞክራል።

«በሰዓት ይሁን፣ ፈጣኑ ይግባ» የሚሉ አሉ። ሩጫ ስለሆነ ነገሩ ደስ ይላል። ቦስተን ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው የሚሠራው፤ እስከ 2025 ድረስ ወጣት ወንድ ሦስት ሰዓት ነበር፣ ሌላውም እንደ ዕድሜውና ጾታው። የ2025ቱ ምዝገባ ምን አሳየ? መመዘኛውን ያሟሉት ከቦታው በጣም በለጡና ከተቀመጠው ሰዓት በ6 ደቂቃ ከ51 ሰከንድ ያልፈጠነ ሁሉ ተመለሰ። ከ12,000 በላይ ሰው «አሟልተሃል ግን አትገባም» ተባለ። ለሚቀጥለው ዓመት ከ60 ዓመት በታች ላሉት መመዘኛውን በ5 ደቂቃ አጠበቁት፤ ያም ሆኖ አሁንም አሟልቶ የተመለሰ አለ። ደግሞስ ሰዓት ንጹሕ መመዘኛ ነው ወይ? ሌሊት የሚሠራና ቅዳሜ ጠዋት 30 ኪሎ ሜትር ሮጦ ከሰዓት የሚተኛ ሰው እኩል ልምምድ አይሠሩም።

የኒው ዮርኩ የተሻለ ነው። እዚያም ዕጣ አለ፣ በጎ አድራጎትም አለ፤ ከጎናቸው ግን አንድ የሥራ በር ተቀምጧል። የአዘጋጁ ክበብ አባል የሆነ ሰው በዓመቱ ውስጥ ዘጠኝ የክበቡን ውድድሮች ከሮጠና በአንዱ በበጎ ፈቃድ ካገለገለ፣ ለምሳሌ ውኃ ካደለ፣ ለቀጣዩ ዓመት ማራቶን ቦታ ያገኛል። ዘጠኙም ውድድሮች ክፍያ አላቸውና ነፃ አይደለም፤ ከከተማው ርቆ ለሚኖርም አይሆንም። ቢሆንም ያቺ የሌሊት ሠራተኛ ለንደን ውስጥ እንዲህ ያለ በር ቢኖርላት ትገባበት ነበር። 2,000 ፓውንድ ከሰው ከመጠየቅ አሥር እሑድ መነሣት ይቀላታል።

ለንደንም ቢሆን በፊት የተሻለ ሕግ ነበረው። በተከታታይ አምስት ጊዜ ዕጣ ያልወጣለት ሰው በቀጥታ ይገባ ነበር። አመልካቹ ሲበዛ ቀረ። የቀረበት ምክንያት ይገባል፤ በሚሊዮን በሚቆጠር አመልካች መካከል አምስት ጊዜ የወደቀ ሁሉ ይግባ ቢባል ለአዲስ ሰው ቦታ አይተርፍም። ግን በሙሉ ዋስትናና በባዶ እጅ መካከል ሌላ መንገድ አለ። ለወደቀበት ለእያንዳንዱ ዓመት ስሙ አንድ ጊዜ ተጨምሮ ይግባለት፤ አምስቴ የወደቀ በስድስተኛው ስድስት ዕጣ ይኑረው። ኮምፒውተር ለሚያወጣው ዕጣ ይህ ቀላል ሥራ ነው።

የዕጣ ነገር ሁልጊዜ የሚቆመው በመታመን ላይ ነው። አዲስ አበባ ይህን በደንብ ታውቃለች፤ በሐምሌ 2014 ዓ.ም. የወጣው የኮንዶሚኒየም ዕጣ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ መሰረዙን ያልሰማ የለም። የለንደኑን እንዲህ ብሎ የሚከስ የለም፤ ነገሩም ከቤት ጋር አይወዳደርም። ግን ሚሊዮን ሰው ተስፋ የሚያደርግበት ማንኛውም ዕጣ የመመዝገቢያው ቁልፍ አጠገብ አንድ መስመር ሊጻፍለት ይገባል፦ ለዕጣ የቀረበው ቦታ ይህን ያህል ነው፣ ባለፈው ዓመት ከመቶ ይህን ያህል ሰው ደርሶታል። ሰው አውቆ ይመዝገብ።

ለኢትዮጵያዊ ደግሞ ነገሩ ሌላ ገጽታ አለው። በ2024 ቀነኒሳ በቀለ በ41 ዓመቱ በዚያው መንገድ በ2:04:15 ሁለተኛ ወጣ። በ2025 ትዕግሥት አሰፋ በ2:15:50 ስታሸንፍ ሴቶች ብቻቸውን በሚሮጡበት ውድድር የዓለም ክብረ ወሰን ሆነ። እነሱ ዕጣ አይሞሉም፤ ማናጀር ይደራደርላቸዋል፣ ይጋበዛሉ። እንዲያ መሆኑም ተገቢ ነው። ግን መስቀል አደባባይ ደረጃ ላይ በየጠዋቱ የሚሮጥ አንድ አስተማሪ ወይም የሒሳብ ሠራተኛ እንደነሱ በዚያ መንገድ ልለፍ ቢል መጀመሪያ የውጭ አመልካቾች ዕጣ ይጠብቀዋል፤ ክፍያው ከብሪታንያ ነዋሪው በብዙ ይበልጣል፤ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው። ዕጣው ደረሰው እንበል። ከዚያ ኤምባሲ አለ። ቪዛው ቢከለከል የማመልከቻው ክፍያ አይመለስም፤ የሩጫ ቁጥሩንም ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል ነው። ለሱ የለንደን ማራቶን ሁለት ዕጣ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ከመጀመሪያው አይቀልም።

ለዚህም ነው ታላቁ ሩጫ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ያለው። በ2001 ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ10,000 ሰው ሲያስጀምረው ርቀቱን 10 ኪሎ ሜትር አደረገ፤ ራሱም ሮጦ አሸነፈ። ማራቶን አይደለም፤ ዘመድ ከዘመዱ ጋር እየጨፈረ የሚጨርሰው ነው። ቦታ ማግኘት ማለት ቲሸርት ማግኘት ማለት ነው፤ ኅዳር ሲቃረብ «ቲሸርት አለህ?» የሚለው ጥያቄ የሰላምታ ያህል ይሆናል። እዚያም ያልቃል። ሲያልቅ ከእጅ ወደ እጅ በጭማሪ ይዞራል። አዘጋጆቹ ከለንደን የሚማሩት ካለ ሩጫውን ወደ ውድ ዕቃ መቀየርን ሳይሆን ቁጥርን ቀድሞ መናገርን ቢሆን ይመረጣል፤ ስንቱ ለድርጅቶች በጅምላ እንደተሸጠ፣ ስንቱ ለተራው ተመዝጋቢ እንደቀረ።

የለንደን አዘጋጆች የ2027ቱን ሩጫ በሁለት ቀን ከፍሎ ወደ 100,000 ሰው የማሮጥ ሐሳብ ይዘው እየተነጋገሩ መሆኑ በ2025 መጨረሻ ላይ ተዘግቧል። ቢሳካ ለአንድ ጊዜ ከ40,000 በላይ አዲስ ቦታ ይገኛል ማለት ነው። ቅዳሜ ይሁን እሑድ፣ ፖሊስ ይበቃል አይበቃም፣ የድልድዩ መዘጋት ነጋዴውን ይጎዳል አይጎዳም የሚለው ይከራከሩበት። ዕጣ የሚሞላ ሰው ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለው፦ ከዚያ ከ40,000 ውስጥ ስንቱ ለዕጣ ነው?