ለጋለ ፌሮ የቱ ሴንሰር ይቅደም? ሌዘር ወይስ ፓይሮሜትር

አቃቂም ይሁን ዱከም፣ የፌሮ ፋብሪካ ሥራው አንድ ነው፦ ቢሌት የሚባለው ድፍን የብረት ግንድ በምድጃ ውስጥ እስከ 1,200 ዲግሪ ሴልሺየስ ግድም ይግላል፤ ከዚያ በሮለሮች መካከል እየተዳመጠ ይቀጥናል። ከመጨረሻው ሮለር ሲወጣም ገና 1,000 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ እጅም ካሊፐርም አይጠጋውም። በጀቱ ለአንድ ሴንሰር ብቻ የሚበቃ ፋብሪካ የቱን ያስቀድም፦ ውፍረቱን የሚለካውን ሌዘር ወይስ ሙቀቱን ከጨረሩ የሚያነበውን ፓይሮሜትር? ሁለት ጸሐፊዎች ይሟገታሉ።

ሌዘሩ ይቅደም

ደንበኛ የሚገዛው ልክ ነው። ባለ 16 (ሚሊሜትር) ተብሎ የሚሸጥ ፌሮ በሜትር 1.58 ኪሎ ግራም መመዘን አለበት። የሮለሩ ቦይ ሲበላ ፌሮው ይወፍራል፤ ሮለሮቹ ከልክ በላይ ሲጠጋጉ ይቀጥናል። ናሙና ቆርጦ፣ አቀዝቅዞ በካሊፐር የሚለካ ፋብሪካ ስህተቱን እስኪያውቅ ድረስ የተበላሸው ፌሮ ተከምሮ ይጠብቀዋል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ሌዘር የምርት መስመሩ ሳይቆም ልኩን ይነግረናል።

የጋለ ብረት ብርሃን ሌዘሩን ይውጠዋል የሚሉ አሉ። ለቀይ ሌዘር ስጋቱ እውነት ነው። ነገር ግን 1,000 ዲግሪ የደረሰ ብረት በ450 ናኖሜትር፣ ማለትም በሰማያዊው በኩል የሚያመነጨው ብርሃን በ660 ናኖሜትር ቀይ ላይ ከሚያመነጨው በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ስለዚህ ሰማያዊ ሌዘር ይመረጥ፤ የሌዘሩን ብርሃን በሚያነበው ካሜራ ላይም ሰማያዊውን ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ ይገጠም። ያን ጊዜ የሌዘሩ መስመር በጋለው ብረት ላይ ጥርት ብሎ ይታያል።

ፓይሮሜትሩ ይቅደም

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። የዚህ ሥራ ሥሩ ሙቀት ነው። ባልደረባዬ የሚለኩት የጋለ ፌሮ ልኩ ገበያ ላይ ከሚወጣው ይለያል። ብረት 1,000 ዲግሪ ላይ ከቀዝቃዛው በ1.3 በመቶ ግድም ስለሚሰፋ ባለ 16ቱ 16.2 ሚሊሜትር ሆኖ ይነበባል። ሙቀቱን ሳያውቁ፣ ሲቀዘቅዝ ስንት እንደሚሆን በምን ያውቃሉ?

ዋናው ግን ጥንካሬው ነው። ብዙ ፌሮ ከሮለር እንደወጣ በውሃ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። ላዩ በቅጽበት ይጠነክራል፤ ከመሃሉ ወደ ውጭ የሚመለሰው ሙቀት ደግሞ ያን ጠንካራ ቆዳ ያለዝበዋል። ላዩ ተመልሶ የሚደርስበት ሙቀት 600 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውሃው አንሶ ሙቀቱ ከዚያ ብዙ ካለፈ የፌሮው ጥንካሬ ይወርዳል፤ ውፍረቱ ግን አይለወጥም። ሌዘሩ ይህን ደካማ ፌሮ ደህና ነው ብሎ ያሳልፈዋል።

የሌዘሩ ወገን መልስ

ብረት ሲግል እንደሚሰፋ አልክድም፤ ሒሳቡ ይሠራ። በሙቀቱ ግምት 50 ዲግሪ ብንሳሳት በባለ 16 ፌሮ ላይ የሚመጣው ስህተት ከ0.02 ሚሊሜትር አይበልጥም። የምርት መስመሩን የተለመደ ሙቀት ማወቅ ይበቃል። ፓይሮሜትርም ቢሆን የሚያየው ቆዳውን ብቻ ነው። የኦክሳይድ ቅርፊት የለበሰ ብረት ጨረር በደንብ ይለቃል፤ ቅርፊቱ የረገፈበት ቦታ ግን አነስተኛ ጨረር ስለሚለቅ መሣሪያው ብረቱ የቀዘቀዘ ይመስለዋል። ደግሞስ ፌሮ ኮንክሪቱን ጨብጦ የሚይዘው በላዩ ጎልተው በወጡት መስመሮች አይደለም? ቦዩ ተበልቶ እነዚህ መስመሮች ሲያጥሩ ፓይሮሜትር ምን ያያል?

የፓይሮሜትሩ ወገን መልስ

የቅርፊቱ ጣጣ መላ አለው። በ1 ማይክሮሜትር ግድም የሚሠራ ፓይሮሜትር ከተመረጠ፣ በጨረር አለቃቀቅ ግምት ላይ 10 በመቶ ብንስት እንኳ 1,000 ዲግሪ ላይ የሚያመጣው ስህተት 11 ዲግሪ ያህል ነው። ባለ ሁለት ቀለሙ ፓይሮሜትር ደግሞ የሁለት ጨረሮችን ንጽጽር ስለሚያነብ አቧራና እንፋሎት በከፊል ቢጋርዱትም ሥራውን አያቆምም። ሌዘሩ ግን መስኮቱን የሚያጸዳ የአየር ግፊትና የሚያቀዘቅዘው ውሃ ያለማቋረጥ ይፈልጋል።

የጉዳታቸውንም መጠን እናስተያይ። የቀጠነ ፌሮ ሚዛን ላይ ሲወጣ ይጋለጣል፤ ያጠሩትን መስመሮችም በካሊፐር ማግኘት ይቻላል። የጥንካሬ ጉድለት ግን ፌሮው ላብራቶሪ ገብቶ እስኪበጠስ ድረስ ካልተሳበ አይገኝም። ሁሉንም ፌሮ ደግሞ መበጠስ አይቻልም። በሚዛንና በካሊፐር የማይያዘውን ጉድለት የሚይዘው መሣሪያ ይቅደም፤ ሌዘሩ በሚቀጥለው በጀት ይግባ።