ለዕቃው የሚጠነቀቅ ነጋዴ ለጉዞውም ይጠንቀቅ

አንድ አስመጪ ነጋዴ ዕቃው ከውጭ አገር ወደብ ተጭኖ ጅቡቲ እስኪደርስ ድረስ ያለ ኢንሹራንስ እንዲጓዝ አይፈቅድም። ፖሊሲው በ«ኤ»፣ በ«ቢ» ወይስ በ«ሲ» የውል ቃል የተጻፈ እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ከሁሉ ሰፊ የሆነው «ኤ» እንኳ በመዘግየት ምክንያት የመጣን ኪሣራ እንደማይከፍል ያውቃል። ይኸው ጠንቃቃ ሰው ግን ከባለቤቱ ጋር በመዝናኛ መርከብ ለመጓዝ ያሰበ እንደ ሆነ፣ የጉዞ ወኪሉ ያቀረበለትን የኢንሹራንስ ወረቀት ዋጋውን ብቻ አይቶ ይፈርማል። ወረቀቱን ማንበብ የሚጀምረው ጉዞው ከተሰረዘ በኋላ ነው። ያን ጊዜ የሚገኘው ዕውቀት ጸጸት እንጂ ገንዘብ አያስገኝም።

የመርከብ ጉዞ ዋጋው አስቀድሞ የሚከፈል ነው። በመጀመሪያ ቀብድ ይሰጣል፤ ቀሪው ሂሳብ በብዙ ኩባንያዎች ዘንድ መርከቡ ከመነሣቱ 90 ቀን ያህል አስቀድሞ ይጠናቀቃል። ከዚያ ወዲህ ተጓዡ ራሱ ቢሰርዝ፣ ኩባንያው የሚያስቀረው ገንዘብ ቀኑ በቀረበ መጠን እየጨመረ ይሄድና በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ሙሉውን ዋጋ ይሆናል። ስለዚህ ተጓዡ ገና ከቤቱ ሳይወጣ ብዙ ገንዘብ ለአደጋ አጋልጧል ማለት ነው።

በዚህ ረገድ በቀላሉ የሚፈጸም አንድ ስሕተት አለ። ወደ ሸንገን አገሮች ለመግባት ቪዛ የሚጠይቅ ኢትዮጵያዊ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚደርስ የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲያቀርብ ይገደዳል። ይህ ግዴታ የሚመለከተው አስቸኳይ ሕክምናን፣ የሆስፒታል ወጪንና በሕመም ወይም በሞት ምክንያት ወደ አገር መመለስን ነው፤ ለመርከቡ የተከፈለውን ገንዘብ አይመለከትም። ከባርሴሎና ወይም ለሮማ ከሚቀርበው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ለመሣፈር የተዘጋጀ ነጋዴ፣ ለቪዛው የገዛውን ወረቀት ይዞ «ኢንሹራንስ አለኝ» ቢል፣ ጉዞው በተሰረዘ ቀን ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል። የመሰረዝ ሽፋን በፖሊሲው ላይ በስሙ ተጠርቶ፣ የገንዘቡም ልክ ተጽፎ መገኘት አለበት።

ሽፋኑ ቢኖርም እንኳ «ሳልሄድ ቀረሁ» ለሚል ሁሉ አይከፈልም። ኢንሹራንስ ሰጪው የሚጠይቀው «ለምን ቀረህ?» ብሎ ነው። በተለመዱት ፖሊሲዎች ላይ የሚከፈልባቸው ምክንያቶች ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ ይኸውም በሐኪም የተረጋገጠ ድንገተኛ ሕመም ወይም ጉዳት፣ የቅርብ ዘመድ ሞት፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የመኖሪያ ቤት መቃጠልና የመሳሰለው ነው። የሱቅ ሥራ መብዛት፣ ከባንክ የሚጠበቅ የውጭ ምንዛሪ መዘግየት ወይም ፍርሃት ከነዚህ ውስጥ አይቆጠሩም። አስቀድሞ የታወቀ አደጋም እንደዚሁ ነው። በካሪቢያን ባሕር የማዕበሉ ወራት ከግንቦት መጨረሻ እስከ ኅዳር አጋማሽ ናቸው፤ ማዕበሉ ተነሥቶ ስም ከወጣለት በኋላ የተገዛ ፖሊሲ በዚያ ማዕበል ምክንያት አይከፍልም። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ሕመሙን ሳይደብቅ ማስታወቅና ስለ ቆዩ ሕመሞች የተጻፈውን ቃል ለይቶ ማንበብ ይገባዋል።

ለአገራችን ነጋዴ ግን ከሁሉ የሚከብደው ምክንያት ቪዛ መከልከል ነው። ይህ በአብዛኞቹ ፖሊሲዎች ከሚከፈልባቸው ምክንያቶች ውጭ ነው። ወጣ ብሎ ሊደርስ የሚችለው አደጋ ተሸፍኖ፣ በደጅ ያለው ሳይሸፈን ከቀረ፣ አረቦኑ ለምን ተከፈለ? በአሜሪካ «በማንኛውም ምክንያት መሰረዝ» የሚባል ተጨማሪ ሽፋን ይሸጣል። ይህን የያዘ ሰው ምክንያቱን ሳይጠየቅ ከከፈለው ገንዘብ ከ50 እስከ 75 በመቶ ያህሉን መልሶ ያገኛል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ ቀብድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ14 ወይም በ21 ቀን ውስጥ መግዛት፣ የማይመለሰውን ወጪ በሙሉ ማስገባት፣ ከመነሻውም ቢያንስ 2 ቀን አስቀድሞ መሰረዝ ግዴታ ነው። ዋጋውም ከተለመደው ከፍ ያለ ነው። በዚያ አገር ለሚኖሩ ልጆቻችንና ዘመዶቻችን ይጠቅማል፤ አዲስ አበባ ላይ ለሚኖር ነጋዴ ግን በአመዛኙ የሚሸጥ አይደለም።

እንግዲህ ለአገር ውስጥ ነዋሪ የሚበጀው መከላከያ የቀን አቆጣጠር ነው። የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ ከጉዞው ቀን 6 ወር አስቀድሞ ሊቀርብ ይችላል፤ የመርከቡ ቀሪ ሂሳብ የሚጠየቀው 3 ወር ያህል ሲቀር ነው። በመካከሉ ያለው ጊዜ ለነጋዴው የተሰጠ ዕድል ነው። ተመላሽ የሚሆን ቀብድ ብቻ ሰጥቶ ማመልከቻውን በጊዜ ማቅረብ፣ ቪዛው በእጅ ሳይገባ ቀሪውን አለመክፈል ይገባል። መርከቡ ቱርክን የመሰለ ከሸንገን ውጭ የሆነ አገር ነክቶ የሚመለስ ከሆነ፣ ቪዛው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ማን ሰረዘው የሚለውም ነገር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በተስፋፋ ጊዜ፣ የአሜሪካ የጤና ባለሥልጣን መጋቢት 5 ቀን የመዝናኛ መርከቦች እንዳይጓዙ አዘዘ። ኩባንያዎቹ ራሳቸው የሰረዟቸው ጉዞዎች ገንዘብ ተመላሽ የሚደረግባቸው ወይም ለወደፊት ጉዞ የሚታሰብ ሂሳብ የሚሰጥባቸው ሆኑ። በፍርሃት ቀድመው ከሰረዙት ግን ብዙዎቹ ያገኙት የወደፊቱን ሂሳብ ብቻ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው። ኩባንያው ሊሰርዘው የተቃረበ ጉዞ ሲኖር፣ የቅጣቱን ቀን እያሰሉ መታገሥ አንዳንድ ጊዜ ከኢንሹራንስ ይልቅ ይጠቅማል።

አንዳንድ ሰዎች «ጉዞው ከተፈጸመ አረቦኑ በከንቱ ቀረ» ይላሉ። ይህን የሚል ነጋዴ ዕቃው በደኅና ስለ ገባለት የባሕር ኢንሹራንሱን አያማርርም። በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉን ነገር ማስገባት አያስፈልግም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንብረት ኢንሹራንስ ውል የካሳ ውል መሆኑን ይደነግጋል፤ በጉዞ መሰረዝም ሐሳቡ ይኸው ነው፤ የሚከፈለው የጠፋው ብቻ ነው። ኩባንያው የሚመልሰውን ገንዘብ ኢንሹራንስ ሰጪው ደግሞ አይከፍለውም። ስለዚህ ተመላሽ የሚሆነውን ትቶ፣ የማይመለሰውን ብቻ ደምሮ በዚያ ልክ መግዛት ብልህነት ነው።

የካሳ ጥያቄ የሚጸናውም በሰነድ ነው። ሕመም የደረሰበት ሰው ጉዞውን ከመሰረዙ በፊት ሐኪም ዘንድ ቀርቦ መጓዝ እንደማይችል የሚገልጽ ማስረጃ ይያዝ፤ ለመርከብ ኩባንያውና ለኢንሹራንስ ሰጪው ወዲያውኑ በጽሑፍ ያስታውቅ፤ የክፍያ ደረሰኞችን፣ የመሰረዣውን ደብዳቤና ኩባንያው ምን ያህል እንዳስቀረ የሚያሳየውን ሂሳብ በአንድ ፋይል ያኑር። የጭነት ሰነዱን ሳይመረምር ገንዘብ የማይለቅ ነጋዴ ይህ ሥራ አያዳግተውም። የሚጠበቅበት በመጋዘኑ የለመደውን ትጋት በራሱ ጉዞ ላይ ማዋል ነው፤ ምክንያቶቹን ከዋጋው አስቀድሞ ያንብብ፤ ቪዛውንም ከክፍያው ያስቀድም።