አንድ ቀን ብቻ ካላችሁ... አሊዩ አምባ!

ስለ ኩርፊያ፣ ስለ ቅናትና ስለ አማት የላካችኋቸው ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ እንደተከመሩ ናቸው፡፡ ተራቸውን ይጠብቁ፡፡ የዛሬው ደብዳቤ ግን ቀን የተቆረጠለት ስለሆነ ወረፋ አያውቅም፡፡

ጸሐፊው የሃያ አራት ዓመት ወጣት ነው፣ ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፡፡ ሁለት ዓመት አብራው የቆየችው ልጅ በሚቀጥለው ወር ለሥራ ቤሩት ልትሄድ ነው፡፡ ከዚያ በፊት ደብረ ብርሃን ያለችውን ታላቅ እህቷን ትሰናበታለች፣ እሱም አብሯት ይሄዳል፡፡ «እህቷ ቤት ሁለት ሌሊት እናድራለን፡፡ በመሀል ያለው አንድ ቀን የኛ ነው፡፡ ሁለት ዓመት ሙሉ ከካፌ ካፌ ስንዞር ኖርን፣ አሁን የማትረሳው ነገር ላሳያት እፈልጋለሁ፡፡ ግን እዚያ አካባቢ ምን አለ?» ይላል፡፡ እስፔን ያለው የአክስቱ ልጅ ደግሞ ቢልባኦ የምትባል ከተማን በአንድ ቀን ዞሮ አይቶ አርባ ፎቶ ልኮለታል፡፡ «እኛ አገር እንዲህ ዓይነት ቀን ይገኛል ወይ?» ሲል ይጠይቀኛል፡፡

ይገኛል ወንድሜ! አሊዩ አምባ ውሰዳት፡፡

ስለ ቢልባኦ ካነሳህ አይቀር አንድ ነገር ልበልህ፡፡ ያቺ የሰሜን እስፔን ከተማ ድሮ የምትታወቀው በብረትና በመርከብ ሥራ ነበር፡፡ ፋብሪካዎቹ ተራ በተራ ሲዘጉ ቀዘቀዘች፡፡ በ1997 እ.ኤ.አ. ወንዙ ዳር ጉገንሃይም የተባለውን በቲታንየም የተለበጠ ሙዚየም ከፈቱና የአክስትህን ልጅ የመሰለ ሁሉ ይጎርፍላት ጀመር፡፡ እኔ የምልክህ ቦታም እንደዚያው ንግዱ ጥሎት የሄደ ከተማ ነው፡፡ የሚያብረቀርቅ ሙዚየም ግን አትጠብቅ፡፡ የምታየው መንገዱን፣ ገበያውንና ሰዉን ነው፡፡

እኔ አሊዩ አምባን ያየሁት በ2011 ዓ.ም. ነው፡፡ ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ነበርኩ፡፡ ከአዲስ አበባ ላምበረት መናኸሪያ ተሳፍረን 130 ኪሎ ሜትሩን ጨርሰን ደብረ ብርሃን አደርን፡፡ ከአዲስ አበባ በጠዋት ተነስቶ በዚያው ቀን አሊዩ አምባ ደርሶ መመለስ ይቻላል የሚሉ አሉ፡፡ እኔ አልመክርም፡፡ ቀኑን መኪና ውስጥ ጨርሳችሁ፣ ያያችሁት የሹፌሩን ማጅራት ብቻ ይሆናል! እናንተ እህቷ ቤት ስለምታድሩ በዚህ ተገላግላችኋል፡፡

ከደብረ ብርሃን እስከ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይመስለኝም፡፡ ጋቢ ያዙ፡፡ ሜዳው ድንገት ያልቅና መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ይወርዳል፡፡ ታች የአፋር ቆላ በጭጋግ ተሸፍኖ ይታያል፡፡ ጓደኛዬ መስኮቱን ከፍታ ዝም አለች፡፡ እሷ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም!

እዚህ ላይ ፈተና አለ፡፡ አንኮበር የቤተ መንግሥቱ ኮረብታ አለ፣ ፍርስራሹ አለ፣ ቤተ ክርስቲያኖቹ አሉ፡፡ በ1976 እ.ኤ.አ. የተገኘችው የአንኮበር ስም የወጣላት ትንሽዬ ወፍም አለች፡፡ ሰው «እግረ መንገዳችንን ሁሉንም እንይ» ይላል፡፡ እኔ ግን የምላችሁ ኮረብታውን ከመንገድ አይታችሁ እለፉ ነው፡፡ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከላይ ሆነው የገዙበትን ለማየት ብዙ ሰው ይሄዳል፡፡ የሚበሉት፣ የሚለብሱትና የሚተኮሰው ጠመንጃ በየት በኩል ይገባ እንደነበር ለማየት የሚወርደው ጥቂት ነው፡፡ የገባው በአሊዩ አምባ በኩል ነው፡፡

ከአንኮበር ቁልቁል ያለው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፡፡ እኛ የተሳፈርነው ለገበያ የሚወርድ አይሱዙ ላይ ነበር፡፡ ከኛ ጋር ከረጢት፣ ዶሮና አንድ ሙሉ በር (አዎ፣ የቤት በር!) አብሮ ተጭኗል፡፡ በወረድን ቁጥር ልብስ እናወልቃለን፡፡ መጀመሪያ ጋቢው ወረደ፣ ቀጥሎ ሹራቡ፣ ቀጥሎ ጃኬቱ፡፡ ገብሱ ቀረና ማሽላው መጣ፡፡ በአንድ ጠዋት ከደጋ ወደ ቆላ መግባት ማለት ይኸው ነው፡፡ ረዳቱ የጓደኛዬን ጃኬት አይቶ «እህቴ፣ ታች ስትደርሺ እሱን ትሸጪዋለሽ» አላት፡፡

ገበያው የደራ ነበር፡፡ ከደጋ የወረደው እህሉን ይዟል፣ ከቆላ የወጣው ፍየሉን፡፡ በርበሬ፣ ጫት፣ ጥጥ፣ ጨው... ግመል ከአህያ ጎን ተንበርክኳል፡፡ አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው ተቀላቅሎ ይከራከራል፡፡ አርጎባዎች በሽመናና በንግድ ከጥንት የታወቁ ሕዝብ ናቸው፡፡ ቋንቋቸው የአማርኛ ዘመድ ሲሆን በዚህ አካባቢ ብዙዎቹ ዛሬ አማርኛ ነው የሚናገሩት፡፡

አንድ ሽማግሌ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዩን ቆዩና ጠሩን፡፡

«ልጆቼ፣ ከወዴት ናችሁ?»

«ከአዲስ አበባ ነው አባባ፡፡»

«ምን ልትገዙ?»

«ምንም አንገዛም፣ ገበያውን ልናይ ነው፡፡»

«እናንተ ጋ ገበያ የለም እንዴ?»

ሳቅን፡፡ እሳቸው ግን አልሳቁም፡፡ ቆየት ብለው «እናንተ ጋ ያለው ገበያ ከዚህ የሄደ ነው» አሉን፡፡ ያኔ አባባሉ አልገባኝም ነበር፡፡ አዲስ አበባ ተመልሼ መጽሐፍ ሳገላብጥ ሰውየው አንዲት ቃል እንዳላጋነኑ አየሁ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ በ19ኛው መቶ ዘመን ከታጁራ ባሕር ተነስቶ የአፋርን በረሃ የሚያቋርጠው ቅፍለት ሸዋ ሲደርስ የሚራገፈው እዚህ ነበር፡፡ የሐረር ነጋዴዎች በከተማው ቤት ነበራቸው፡፡ ዋናው የገበያ ቀን ዓርብ ነበር፡፡ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆኖ በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሣህለ ሥላሴ የመጣው ሻለቃ ሃሪስ በዚሁ አለፈ፡፡ በማግስቱ ዓመት የመጣው የመርከብ ሐኪም ቻርልስ ጆንስተን ደግሞ አልፎ አልሄደም፣ ወባ ይዞት እዚያው ቤት ተከራይቶ ወራት ተቀመጠ፡፡ ሁለቱም በ1844 ያዩትን አሳተሙ፡፡ የድንበሩ ሹም ወላስማ መሐመድ የሚባሉ ሰው ነበሩ፡፡ የክርስቲያኑ ንጉሥ የንግድ በር በሙስሊም ሹም እጅ ነበር ማለት ነው፡፡ የመኳንንቱ እስር ቤት የጎንቾም ጠባቂ እሳቸው ነበሩ!

ከባሕር በኩል ጨርቅ፣ ዶቃ፣ መዳብና ጠመንጃ ይገባል፡፡ ከዚህ ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወጣል፡፡ ክፍያው በማርያ ተሬዛ ብር ነው፣ ለዝርዝሩ አሞሌ ጨው አለ፡፡

እና ደግሞ ሰው ይወጣል፡፡

ወንድሜ፣ ይህን መጻፍ ወይስ መተው እያልኩ ሁለት ቀን አስቤበታለሁ፡፡ ከአሊዩ አምባ አጠገብ አብዱል ረሱል የሚባል ገበያ ነበር፡፡ የሚሸጠው ባሪያ ነበር፡፡ ከደቡብና ከምዕራብ የተያዙ ልጆች፣ ብዙዎቹ ሴቶች፣ እዚያ ተገዝተው በእግራቸው በረሃውን አቋርጠው ታጁራ ይወርዳሉ፣ ከታጁራ ባሕሩን ተሻግረው ዓረብ አገር ይገባሉ፡፡ እኔና ጓደኛዬ ቁልቁል ቆላውን እያየን ፎቶ የተነሳንበት አቅጣጫ የሄዱበት ነው፡፡

ፍቅረኛህ በፓስፖርቷ፣ በውሏና በገዛ ፈቃዷ ነው የምትሄደው፡፡ ደመወዝ አላት፣ መመለሻም አላት፡፡ አንድ ናቸው የሚል ካለ ሁለቱንም አያውቃቸውም፡፡ ቢሆንም ከዚያ አምባ ላይ ቆማ ወደ ምሥራቅ ስታይ ልቧ የሚያስበውን እኔም አንተም አናዝበትም፡፡ ስለዚህ ታሪኩን ከመሄዳችሁ በፊት፣ ማታ እህቷ ቤት ቡና ላይ ንገራት፡፡ እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ ከሰው አፍ ድንገት አትስማው፡፡ «አልፈልግም» ካለች ሌላ ቦታ ሂዱ፡፡ «እንሂድ» ካለች ደግሞ ስታወራ አድምጣት እንጂ ልታስቃት አትሞክር፡፡ ወንዶች ሴት ዝም ስትል ቀልድ ማምጣት ትወዳላችሁ፡፡ ይቅርባችሁ!

ሽማግሌው «ከዚህ የሄደ ነው» ወዳሉት ልመለስ፡፡ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከዚያም በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ አወረዱት፡፡ በ1887 መጀመሪያ ሐረርን ያዙ፡፡ በዚያው ዓመት የካቲት ላይ ራምቦ የሚባለው የፈረንሳይ ባለቅኔ ሊሸጥላቸው ያመጣውን ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ አንኮበር ቢደርስ ምኒልክ የሉም፡፡ ሸቀጡን ይዞ እስከ እንጦጦ ተከተላቸው፡፡ ቀጥሎ ባቡሩ መጣ፡፡ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፡፡ ዕቃ በሐዲድ መሄድ ሲችል በአፋር በረሃ ለሳምንታት ከግመል ጋር የሚንከራተት ማን አለ? የባሕሩ ንግድ አሊዩ አምባን ትቶ ሄደ፣ የደጋውና የቆላው ገበያ ግን ቀረ፡፡ ያየነውም እሱን ነው፡፡

አሁን ወደ ተግባሩ፡፡ ከመነሳታችሁ በፊት የገበያውን ቀን ከሰው ጠይቁ፣ ቀናችሁ ከዚያ ጋር ካልገጠመ የእህቷን ቤት ጉብኝት አንድ ቀን ወዲህ ወዲያ አድርጉት፡፡ ያለ ገበያ አሊዩ አምባ ጸጥ ያለች ከተማ ናት፡፡ ከደብረ ብርሃን ጎሕ ሲቀድ ተነሱ፡፡ ዝርዝር ብር ያዙ፡፡ እሷ ተረከዝ ያለው ጫማ እንዳታደርግ፣ አንተም አዲሱን ነጭ ስኒከር ተወው፡፡ የደብረ ብርሃን አረቄ የጓዛችሁ አካል አይሁን፣ የምትሄዱት አብዛኛው ሰው ሙስሊም ወደሆነበት ከተማ ነው፡፡ ፎቶ ሳታስፈቅዱ አታንሱ፣ በተለይ ሴቶቹን፡፡ ሸማኔ ካገኛችሁ አንድ ነገር ግዙ፣ ነጠላም ትሁን ፎጣ፡፡ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ አይይዝም፡፡ ዋጋ ተከራከሩ ግን አታድርቁ፣ ሰውየው ቀኑን ሙሉ የሠራበት ነው፡፡

መመለሻውን ደግሞ አትርሱ፡፡ መኪናው የወረደው ለገበያው ነው፣ ገበያው ሲበተን እሱም ይወጣል፡፡ እኛ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ተሳፍረናል፡፡ ሽቅቡን ስንወጣ ያወለቅነውን ሁሉ በተራ ለበስነው፡፡

የመጨረሻው ዋናው ነው፡፡ እኔ በሄድኩበት ጊዜ ያሰብነው ስለ ትራንስፖርት ብቻ ነበር፡፡ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭት ከተነሳ ወዲህ ግን መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሊዘጋ ይችላል፡፡ እህቷ እዚያው ነዋሪ ናት፣ ከማንም በላይ ታውቃለች፡፡ በዋዜማውም በጠዋቱም ጠይቋት፡፡ «አትውረዱ» ካለቻችሁ አትውረዱ፡፡ ከወር በኋላ በረራ ያላት ልጅ መንገድ ላይ የምትቀርበት ምክንያት የለም፡፡

«ሌላ ጊዜ ትሄዳላችሁ» እንዳልልህ ሌላ ጊዜ የላችሁም፡፡ ስለዚህ መንገዱ እንቢ ካለ ከእህቷ ቤት አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ተመለሱና ቀኑን እንጦጦ አውሉት፡፡ ከአንኮበር የተነሳው መናገሻ ያረፈበት ነው፡፡ የምኒልክ አሮጌ ቤተ መንግሥት አለ፣ በ1889 እ.ኤ.አ. ዘውድ የጫኑባት እንጦጦ ማርያም አለች፣ ከጎኗ ሙዚየሙ አለ፡፡ በጠዋት ውጡ፣ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ፣ ሰው ከሚበዛበት ራቅ ብላችሁ ባሕር ዛፉ ሥር ተቀመጡ፡፡

ከሁለቱ የቱን እንደመረጠች ጻፍልኝ፡፡ እሷም ከፈለገች ከቤሩት ትጻፍልኝ፣ ስም አላወጣም፡፡ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አማቶቹ እንመለሳለን፡፡ ቸር ሰንብቱ!