ቴሌቪዥን ለሚገዛ ሰው ታማኝ መካሪ ማን ነው?



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ንጽሕናና ስለ አገር ፍቅር ብዙ ይጻፋል። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ የቤት ዕቃ፣ ይኸውም በተለምዶ ፍላት ስለሚባለው ቴሌቪዥን ጥቂት አሳብ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ። ነገሩ ቀላል መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ በከተማችን በዓለም ከተማ አንድ ቤተሰብ ለዚህ ዕቃ የሚያወጣው ገንዘብ የስንት ወር ልፋት እንደ ሆነ ያስብ። ቴሌቪዥን የሚሸጥ ሰው ሞልቷል፤ ስለ ቴሌቪዥን እውነቱን የሚነግር ግን ጥቂት ነው። እኔም ከጥቂቶቹ ወገን ሳልሆን ቀርቼ ስለ ነበር፣ ይህ ጽሑፍ በከፊል ኑዛዜ ነው።

አጎቴ ከመናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሻይ ቤት አላቸው። ደንበኞቻቸው ዜናና የእግር ኳስ ግጥሚያ እያዩ ሻያቸውን እንዲጠጡ በማለት፣ አንድ ወይፈን ሸጠው ከቁጠባቸውም ጨምረው ቴሌቪዥን ለመግዛት ቈረጡ። ወደ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት እኔን አስጠርተው፣ «አንተ የተማርህ ልጅ ነህና፣ ምን ዐይነቱን ልግዛ?» ሲሉ ጠየቁኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ቴሌቪዥን የማውቀው ተቀምጦ ማየቱን ብቻ ነበር። ነገር ግን በእናቴ ፊት «አላውቅም» ማለት አሳፈረኝ። በስልክ ላይ ያየኋቸው ቃላት ትዝ አሉኝና፣ «ፎር ኬ ይሁን፤ ስማርት ይሁን፤ ትልቅም ይሁን» ብዬ እንደ ሊቅ ተናገርሁ። እናቴ በልጇ ደስ አላት። አጎቴም ቃሎቹን በወረቀት አጽፈው በኪሳቸው ከተቱ።

ከዚያም የጀማን ሸለቆ ተሻግረው በሙከጡሪ በኩል አዲስ አበባ ገቡ። መርካቶ ውስጥ ወረቀቱን ለአንድ ሻጭ አሳዩት። ሻጩም ወረቀቱን አንብቦ፣ ሦስቱም ቃላት በካርቶኑ ላይ በትልልቅ ፊደል የታተሙበትን ባለ 43 ኢንች አወጣላቸው። ዋጋው ከሌላው ሱቅ ያነሰ ነበር። ደረሰኝ ከተቈረጠ ግን ዋጋው ይጨምራል ስላላቸው፣ ያለ ደረሰኝ ገዝተው ተመለሱ።

ቴሌቪዥኑ ተሰቅሎ ሲበራ ምስሉ ደብዛዛ ሆነ፤ ከሥር የሚያልፈው የዜና ጽሕፈትም እየተንቀጠቀጠ ለማንበብ አስቸገረ። ጥፋቱ የዲሹ ነው ተብሎ ዲሹ ሁለት ጊዜ ተስተካከለ። ለውጥ አልመጣም። ከአንድ ወር በኋላ በከተማችን ቴሌቪዥን የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ተጠሩ። እርሳቸውም የጀርባውን ክዳን ፈተው በስክሪኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አነበቡና ስክሪኑ ፎር ኬ እንዳልሆነ ነገሩን። የፋብሪካው ስምም ቢሆን፣ የታወቀውን ስም መስሎ አንድ ፊደል የተለወጠበት ነበር። ሽማግሌው ወደ አጎቴ ዞረው፣ «ሳትገዛ በፊት ለምን አልጠየቅኸኝም?» አሏቸው። አጎቴም፣ «የተማረ ልጅ ጠይቄ ነበር» ብለው መለሱ። እኔ በዚያ ቀን ከበሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

አንባቢ ሆይ፤ ከዚያ ወዲህ ነገሩን አጠናሁት። ይህን ማድረግ የነበረብኝ ወይፈኑ ሳይሸጥ ነበር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉ አባቶቻችን እኔን የመሰለውን አይተው ነው።

የስክሪን ጥራት የሚቈጠረው ምስሉን በሚሠሩት ጥቃቅን ነጥቦች ብዛት ነው። ተራው ኤች ዲ ስክሪን ብዙውን ጊዜ በአግድም 1366፣ በቁም 768 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ ከ1 ሚሊዮን ጥቂት ይበልጣል። ፉል ኤች ዲ 1920 በ1080 ሲሆን 2 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ፎር ኬ ደግሞ 3840 በ2160 ነው፤ ይህም ከ8 ሚሊዮን በላይ ነው። የአጎቴ ስክሪን ከሦስቱ የመጀመሪያው ነበር። ከዚህም የከፋው፣ ምክሬ ቢፈጸምና እውነተኛ ፎር ኬ ቢገዙ እንኳ ጥቅሙ ጥቂት መሆኑ ነው፤ በሻይ ቤቱ በዲሽ የሚታዩት ጣቢያዎች በፎር ኬ አያስተላልፉምና። እኔ «ምን ሊያዩበት ነው?» ብዬ ሳልጠይቅ «ይህን ይግዙ» አልሁ። ጠያቂውን ሳይጠይቅ የሚመክር ሰው ምክሩ ከጨለማ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ነው።

ቃላት ሳይመረመሩ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፉ እንዴት እንደሚያሳስቱ ከራሳችን ትምህርት ቤቶች ምሳሌ ላምጣ። በ1997 ዓ.ም. በአገራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርት በሳተላይት ቴሌቪዥን መሰጠት ሲጀመር፣ በየክፍሉ የተተከለው ስክሪን ፕላዝማ ይባል ነበር። ስለዚህ እስከ ዛሬ ብዙ ሰው ጠፍጣፋውን ቴሌቪዥን ሁሉ ፕላዝማ ይለዋል። ታላላቆቹ ፋብሪካዎች ግን ፕላዝማ መሥራት ካቆሙ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ዛሬ ኤል ኢ ዲ ተብሎ የሚሸጠውም አብዛኛው በእርግጥ ኤል ሲ ዲ ነው፤ ኤል ኢ ዲ የተባለው ከበስተ ኋላ የሚያበራለት መብራት ነው። ሻጩም ገዢውም የማያውቁትን ስም እየተቀባበሉ ይነጋገራሉ።

እንግዲህ ታማኝ መካሪ ከየት ይገኛል? ሻጭ ሁሉ ውሸታም ነው አልልም። ካርቶኑን ከፍቶ፣ አብርቶ፣ አስሞክሮ፣ ደረሰኝ ቈርጦ የሚሸጥ ነጋዴ ጥቂት ብር ቢያስጨምርም ይሻላል። ደላላ ግን የሚከፈለው ዕቃው ሲሸጥ ነው፤ ስለዚህ ከርሱ ምክር መጠበቅ ከተኩላ የበግ ጥበቃን እንደ መሻት ነው። በስልክ ላይ ቴሌቪዥን የሚያሞግሱትም ሰዎች አንዳንዶቹ ከሽያጩ ድርሻ አላቸው፤ የሚያሳዩት ዕቃም ወደ እኛ ገበያ የማይመጣ ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ ወይም ከዐረብ አገር የመጣ ዘመድ በቅንነት ይመክራል፤ ነገር ግን የሚያውቀው የራሱን አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ጠጋኝ ደግሞ የሌላው ሰው ዕቃ ሲበላሽ የሚያይ ስለ ሆነ ብዙ ያውቃል። ለምሳሌ እኒያ ሽማግሌ እንደ ነገሩኝ፣ ወደ እርሳቸው ከሚመጡት የሚበዙት የመብራት ኀይል ከፍ ዝቅ ሲል የተቃጠሉ ናቸው፤ ስለዚህ ከስክሪኑ ስፋት ጥቂት ኢንች ቀንሶ ስታብላይዘር መግዛት ይበጃል ይላሉ። ይህን የሚነግር ካርቶን አላየሁም።

በእኔ አስተያየት ማንኛውንም መካሪ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። አንደኛ፣ «እኔ ይህን ብገዛ አንተ ምን ታገኛለህ?» ሁለተኛ፣ «ይህን ከየት አወቅኸው?» ሦስተኛ፣ «የዚህ ዕቃ ጉድለቱ ምንድን ነው?» ለሦስተኛው ጥያቄ መልስ የሌለው ሰው ወይ ሻጭ ነው፣ ወይ እንደ እኔ አላዋቂ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ለሁለት ለሦስት ሰው ለየብቻ አቅርቦ መልሱን ማመሳከር ደግሞ የበለጠ ይጠቅማል።

ከመካሪም ሌላ ዐይንና እጅ አሉን። ኢንች የሚለካው በስክሪኑ ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው፤ 1 ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ስለ ሆነ፣ 43 ኢንች የተባለው 109 ሳንቲ ሜትር ያህል መድረስ አለበት። ስለዚህ ሜትር ይዞ መሄድ አያሳፍርም። ደቃቅ ጽሕፈት ያለበትን ጥራቱ ከፍ ያለ ሥዕል በፍላሽ ይዞ በሱቁ ውስጥ መክፈትም ይቻላል፤ ፊደሉ ከተደበዘዘ የካርቶኑ ቃል አጠራጣሪ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ እንዲያገኝ፣ ጉድለት የተገኘበትም ዕቃ በተገዛ በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ መብት ሰጥቷል። አጎቴ ግን ማስረጃ የሚሆን ደረሰኝ አልነበራቸውም፤ ቀኑም በዲሽ ማስተካከል አልፎ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው አሳቤ እመጣለሁ። በየቤታችን ዕቃ ሲገዛ ወላጆቻችን «የተማረ ልጅ» ብለው እኛን ይጠይቁናል። ይህ ትልቅ አደራ ነው። ስለዚህ በትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት አንድ መዝገብ እንዲከፈት አሳስባለሁ። ቤተሰቡ ቴሌቪዥን የገዛ ተማሪ ሁሉ የዕቃውን ስም፣ ስፋቱን፣ ዋጋውንና የተገዛበትን ቀን ይጻፍበት፤ ዓመት ሲሞላም ተመልሶ ምን እንደ ተበላሸ፣ ማን እንደ ጠገነው፣ ስንት እንደ ወጣበት ይጨምርበት። ሻጭ አይጻፍበት፤ የሰማውን ብቻ የሚያወራም አይጻፍበት። የሣይንስ ክበባችን ቢይዘው፣ ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ በገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣ ወላጅ እንኳ ልጁን ልኮ የሚያስነብበው መካሪ ይሆናል። ወጪው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው። የመጀመሪያውን ገጽ እኔ እጽፋለሁ፤ የማውቀው አንድ ቴሌቪዥን አለና።

ያ ቴሌቪዥን ዛሬም በአጎቴ ሻይ ቤት ተሰቅሏል። አጎቴ አንድ ቀን እንኳ አልወቀሱኝም። እንዲያውም እንግዳ ሲመጣ ወደ ግድግዳው እያመለከቱ፣ «የእኅቴ ልጅ የመረጠልኝ ነው» ይላሉ። ይህን በሰማሁ ቍጥር ፊቴን ወደ ሻዬ አቀረቅራለሁ። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ነገ ወላጆቻችሁ ሲጠይቋችሁ፣ የማታውቁት ከሆነ ሳታፍሩ «አላውቅም፤ ግን ጠይቄ እመጣለሁ» በሏቸው።