ጅብ ሳይመጣ

ባለፈው ጥቅምት መንዝ ወርጄ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብላ በምትገኝ መንደር አጎቴ ዘንድ ጥቂት ቀናት ሰነበትኩ። የአጎቴ ሀብት ከሃያ የማይበልጡ በጎች፣ አንዲት ላምና የገብስ ማሳቸው ነው። በጎቹ የሚያድሩት ከቤቱ ጀርባ በድንጋይ በታጠረ ጉረኖ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ባደርኩበት ምሽት ልጃቸው ባትሪ ይዞ ጉረኖውን ሊዘጋ ሲወጣ ባናዬን ተከናንቤ ተከተልኩት። አንዲት አሮጊት በግ ሆድ ሥር የተሸጎጠ ጥቁር ነገር አየሁ። ግልገል መስሎኝ ጎንበስ ስል ጥርሱን ገልጦ አጉረመረመብኝ። ቡችላ ኖሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ቡችላ ለምን ውጭ ያድራል?» አልኳቸው እሳቱ ዳር ስንቀመጥ።

«ቤት ካደረ ወገኑ እኛ እንሆናለን። ከበጎቹ ጋር ካደገ ወገኑ እነሱ ናቸው። ተኩላ ሲመጣ ወደማን ይሸሻል?» አሉኝ።

ይህን የአጎቴን ዕውቀት በውሻ ጠባይ ላይ የተመራመሩ ሰዎችም ይጋሩታል። ቡችላ ማንን ወገኔ ብሎ እንደሚይዝ በአብዛኛው የሚወሰነው ከተወለደ እስከ 16ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ለመንጋ ጠባቂነት የሚታሰብ ቡችላ ጡት እንደጣለ፣ በ8ኛው ሳምንት ገደማ፣ በጎቹ መሀል እንዲገባ የሚመከረውም ለዚህ ነው። ምግቡን እዚያው ይበላል፣ እዚያው ይተኛል፣ ሽታቸውን ይለምዳል። ያ ጊዜ ካለፈ በኋላ ማስተማር እጅግ ይከብዳል።

ደግሞም ሥራው በዚያ አያልቅም። ውሻው ስድስት ወር ሲሞላው ጎረምሳ ይሆናል፤ ግልገል ያባርራል፣ ጠጉር ይጎትታል። ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ የሚያስረው ወይም የሚያባርረው ያኔ ነው። የሚያስፈልገው ግን ከሥር ከሥሩ የሚከታተልና ሲያጠፋ እዚያው የሚገሥጽ ሰው ነው። ሁነኛ ጠባቂ የሚሆነው ወደ ሁለት ዓመት ሲጠጋ ነውና።

ቡችላን እንዲህ ላለማሳደግ «የእኛ ውሻ ዝርያ የለውም» የሚል ምክንያት አዘውትሬ እሰማለሁ። በናሚቢያ የአቦሸማኔ ተከላካዮች እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ከቱርክ የመጣ ግዙፍ ዝርያ እያረቡ ለገበሬዎች መስጠታቸው እውነት ነው፤ በዚህም ብዙ ፍየልና በግ ተርፏል፤ አቦሸማኔውም ከገበሬው ጥይት ድኗል። ነገር ግን በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚኖሩት የናቫሆ ሰዎች መንጋቸውን ያስጠበቁት ዘራቸው በውል በማይታወቅ ተራ ውሾች ነው። ምሥጢሩ ቡችላውን ከበጎቹ ጋር ማሳደጋቸው ነበር። ዝርያ ይረዳል፤ አስተዳደግ ግን ይበልጣል።

በማግስቱ መንደሩን ስዞር ያየሁት አንጀቴን አላወሰው። ቀኑን ሙሉ ችካል ላይ የታሰረ ውሻ አየሁ፤ የተረገጠው መሬት ክብ ሆኖ ተልጧል። «ኃይለኛ ይሆናል» ተብሎ ጆሮው የተቆረጠ ሌላም አየሁ። ጆሮ መቁረጥ ሕመምን እንጂ ጀግንነትን አይጨምርም። ሦስተኛው ጎኑ ገብቶ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንላለን፤ ሳናበላው ግን ሌሊቱን ሙሉ እንዲጮኽልን እንጠብቃለን። የተራበ ውሻ መንጋውን ትቶ ምግብ ፍለጋ ይዞራል፣ ጫካ ይገባል፣ ከማያውቀው ውሻ ጋር ይናከሳል።

ከዚህ መዞር ነው ትልቁ አደጋ የሚመጣው። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ ሰውን አያተርፍም ማለት ይቻላል፤ በዓለም ላይ ሰው በዚህ በሽታ ሲያዝ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው ምክንያቱ የውሻ ንክሻ ነው። የመንዝ ሰው ደግሞ ሌላ ጎረቤት አለው። በዚያው በመንዝ፣ በጓሳ ሜዳ የሚኖረው ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መቶዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች በዌብ ሸለቆ ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በሸለቆው ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱን ያህል ፈጅቷል። ያልተከተበ ውሻ የበግ ጠባቂ ሆኖ ሳለ የሌላው ሕይወት ጠንቅ ይሆናል።

«የእርስዎስ ውሾች ተከትበዋል?» ብዬ አጎቴን ጠየቅኳቸው። ዝም አሉ። ቡችላውን እንዲህ በጥበብ የሚያሳድጉት ሰውዬ አላስከተቡም። «ማን ያስከትባል?» አሉኝ በመጨረሻ። አልፈረድኩባቸውም። ክትባት የአንድ ቤት ሥራ አይደለም። በሽታው እንዲቆም ከአካባቢው ውሾች ቢያንስ 70 በመቶው መከተብ አለባቸው፤ አንድ ሰው ብቻውን ቢያስከትብ ጎረቤቱ በሩን ክፍት ትቶታል። ያለዚያ የምናደርገውን እናውቀዋለን፦ ሰው ከተነከሰ በኋላ ሥጋ መርዘን ውሻ እንፈጃለን። የሞተውን ተክቶ ያልተከተበ ሌላ ይመጣል፤ በሽታውም አይጠፋም። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ለውሻው ብቻ አይደለም።

የተነከሰ ሰውም ቢሆን ቁስሉን ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ አጥቦ ለክትባት ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ሊሄድ ይገባል። ቀን የሚሰጥ በሽታ አይደለም።

መንዝ ውሾቹን በጋራ ማስከተብ ያቅተዋል ብዬ አላምንም። የጓሳን ሣር ለዘመናት በቄሮ ሥርዓት የጠበቀ ሕዝብ ነው፤ ሜዳው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ በስምምነት ይወስን ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ካናጋው በኋላም ጓሳን ዳግም በማኅበረሰቡ እጅ አስጠብቋል። ሣርን እንዲህ የጠበቀ ሕዝብ በዓመት አንድ ቀን ቀጥሮ ውሾቹን በገመድ ይዞ ቢሰለፍ ምን ይከብደዋል?

ባለፈው ሳምንት ለአጎቴ ደወልኩላቸው። ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄደው ነበር። ሐኪሙ «ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ ለብዙ ውሻ ነው፤ ለአንድ ውሻ ስከፍተው የቀረው ይበላሻል፤ ጎረቤቶችዎን ይዘው ይምጡ» አላቸው። እናም አጎቴ በዱላቸው እየተደገፉ ቤት ለቤት እየዞሩ ነው። «እስከ ትናንት አሥራ አንድ ውሻ ቆጥሬአለሁ» አሉኝ። «ከወንዙ ማዶ ያሉት ቀርተውኛል።»