ሙት ወቃሾች

አበው የሟችን ስም በክፉ ማንሣት ግድ ሲሆንባቸው «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብለው ነው የሚጀምሩት። ሟች ተነሥቶ መልስ አይሰጥምና። በአውሮፕላን አደጋ ጊዜ ግን ይህ ወግ ይረሳል። ገና ጢሱ ሳይጠፋ አስቀድሞ የሚጠረጠረው መልስ መስጠት የማይችለው ሰው፣ አብራሪው ነው። ፋብሪካው ጠበቃ አለው፤ መሐንዲስ አለው፤ ቃል አቀባይ አለው። አብራሪው ያለው መቃብር ብቻ ነው።

ለዚህ የቦይንግ 737 የጭራ መቅዘፊያ ታሪክ በቂ ምስክር ነው። መቅዘፊያው ከጭራው ቋሚ ክንፍ ጋር እንደ በር በማጠፊያ የተያያዘ፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚመልስ አካል ነው። አብራሪው በእግሩ ፔዳል ሲረግጥ የዘይት ግፊት መቅዘፊያውን ይገፋዋል። በሌሎች ትላልቅ አውሮፕላኖች ላይ መቅዘፊያው ለሁለት የተከፈለ ወይም ከአንድ በላይ ገፊ ያለው ሲሆን፣ በ737 ላይ ግን አንድ መቅዘፊያ፣ አንድ ዋና ገፊ፣ በገፊውም ውስጥ ዘይቱን የሚያከፋፍል አንድ ቫልቭ ነበር። የብዙ ሰው ነፍስ በዚህች ቫልቭ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1991 የዩናይትድ አየር መንገድ 737 ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ሊያርፍ ሲል ተገልብጦ ወደቀ። 25 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎቹ ቫልቩንም የተራራውን ነፋስም ጠርጥረው፣ በመጨረሻ ምክንያቱን ማረጋገጥ አልቻልንም አሉ። አውሮፕላኖቹ መብረራቸውን ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 1994 የዩኤስኤር 737 ፒትስበርግ አጠገብ ተከሰከሰ። ከመጀመሪያው መናወጥ እስከ መሬት ግማሽ ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ከ132 ሰዎች አንድም አልተረፈም። የቦይንግ ክርክር ምን ነበር? አብራሪው ደንግጦ የግራውን ፔዳል ረግጦ ሳይለቅ አልቀረም የሚል ነበር። ሙት ወቀሳ!

እ.ኤ.አ. ጁን 9 ቀን 1996 ግን በሕይወት ያለ ምስክር ተገኘ። የኢስትዊንድ 737 ወደ ሪችመንድ ሲቃረብ ማንም ሳያዝዘው ወደ ቀኝ ተጠመዘዘ። አብራሪው ታግሎ 53 ሰዎችን ይዞ አረፈ፤ የደረሰበትንም ተናገረ። በዚያው ዓመት መርማሪዎች ቫልቩን እጅግ አቀዝቅዘው ትኩስ ዘይት ቢለቁበት ተጣበቀ። ከዚህም የባሰ ጉድ ወጣ። ቫልቩ በአንድ አኳኋን ሲጣበቅ መቅዘፊያው የታዘዘውን ተቃራኒ ይፈጽማል። አብራሪው ቀኝ ሲረግጥ አውሮፕላኑ ወደ ግራ ይዞራል። ለመዳን የረገጠ እግር ሞትን ይጠራል።

የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1999 ለፒትስበርጉ አደጋ፣ በ2001 ደግሞ መዝገቡን እንደገና ከፍቶ ለኮሎራዶው አደጋ ይህንኑ ዋነኛ ምክንያት አደረገ። ቫልቮቹ ቀደም ብለው መለወጥ ቢጀምሩም፣ የመቅዘፊያው አሠራር በሙሉ እንዲቀየር የታዘዘው በ2002 ነው። የጊዜ ገደቡም እስከ 2008 ነበር። ከመጀመሪያው አደጋ 17 ዓመት ማለት ነው።

«737 እኮ በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ በሰላም በርሯል፤ ያለ ማስረጃ አውሮፕላን ይቁም ይባላል ወይ?» የሚሉ አሉ። በሰላም መብረሩ እውነት ነው። ነገር ግን ከወደቁት አውሮፕላኖች ቫልቮች ላይ የመጣበቅ ጠባሳ አልተገኘም። ጉድለቱ ገድሎ ምልክት ሳይተው የሚሄድ ዓይነት ነበር። እንዲህ ላለው ገዳይ የማያጠያይቅ ማስረጃ እንጠብቅ ማለት ሌላ ሬሳ እንጠብቅ ከማለት በምን ይለያል?

ይህን ክርክር እኛ ኢትዮጵያውያን በራሳችን ለቅሶ ላይ ሰምተነዋል። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2018 የላየን ኤር 737 ማክስ 189 ሰዎችን ይዞ ባሕር ገባ። ጉድለቱ የመቅዘፊያ አልነበረም፤ በአንድ መለኪያ ላይ ተማምኖ አፍንጫውን ወደ ታች የሚደፍቅ የኮምፒዩተር ሥርዓት ነበር። ጣት ግን ወደ አብራሪዎቹ ተቀሰረ፤ አውሮፕላኑም መብረሩን ቀጠለ። አምስት ወር ሳይሞላ፣ ማርች 10 ቀን 2019፣ ከቦሌ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ 157 ሰዎችን ይዞ ወደቀ። አየር መንገዳችን የቀሩትን ወዲያው አቆመ፤ ቻይናም ተከተለች። የአውሮፕላኑ አገር አሜሪካ ያቆመችው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። መጀመሪያ ያቆሙት ምን የተለየ ማስረጃ ነበራቸው? ምንም። ጥርጣሬው ራሱ ይበቃል ብለው ነው።

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 አንድ 737 ማክስ ኒውርክ አርፎ ሲንደረደር የመቅዘፊያው ፔዳሎች አልንቀሳቀስ እንዳሉ ይስማ። ከመቅዘፊያው ጋር በተያያዘ አንድ መሣሪያ ውስጥ እርጥበት ገብቶ መቀዝቀዝ እንደሚችል ተደረሰበት። ሰው አልተጎዳም። ቦርዱም ሬሳ ሳይጠብቅ በዚያው ዓመት አስቸኳይ ማስጠንቀቂያ አወጣ። እንዲህ ነው የሚገባው።

አብራሪ አይሳሳትም አልልም፤ ሰው ነውና ይሳሳታል። የምለው የማስረጃው ሸክም በማን ጫንቃ ላይ ይሁን ነው። «ማሽኔ ደኅና ነው» ብሎ የሸጠ ያስረዳ። ተቆጣጣሪውም ጥርጣሬ ሲነሣ ከሻጩ ጎን ሳይሆን ከተሳፋሪው ጎን ይቁም። ሙታን ጥፋተኛ አለመሆናቸውን እንዲያስረዱ የሚጠብቅ ሕግ የሕያዋን ሕግ አይደለም።