ዱላም ሙዚየም ይገባል

«ጨዋታንና ሙዚየምን ምን አገናኛቸው?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሙዚየም የሚገባው የንጉሥ ዘውድ ነው፣ የጥንት ብራና ነው፣ ቢያንስ ቢያንስ አድዋ የዘመተ ጎራዴ ነው። ከጨዋታ የተረፈ ዱላማ ማገዶ ነው! እኔ ግን ብዙ ያሳጣን ይኸው አስተሳሰብ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ካናዳን እንይ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከኦታዋ ወንዝ ማዶ፣ ጋቲኖ የሚገኘውና ዛሬ የካናዳ የታሪክ ሙዚየም የሚባለው ተቋም በ2004 ስለ አንድ የበረዶ ሆኪ ተጫዋች ዐውደ ርዕይ ከፈተ። ሰውየው ሞሪስ ሪሻር ነው፤ በ1944/45 የውድድር ዘመን በ50 ጨዋታ 50 ጎል ያገባው። ዐውደ ርዕዩ ከዚያ ተጭኖ ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ተጓዘ። በ2017 ደግሞ ሙዚየሙ በጠቅላላው ስለ ሆኪ ሌላ ትልቅ ዐውደ ርዕይ አዘጋጅቶ ወደ ሞንትሪያል ወሰደው።

ይህ ሁሉ ለጎል ብዛት ነው? አይደለም። በማርች 1955 ሪሻር የመስመር ዳኛ በመምታቱ የሊጉ ፕሬዚዳንት ክላረንስ ካምቤል እስከ ውድድሩ ዘመን ማብቂያ አገዱት። ፕሬዚዳንቱ እንግሊዝኛ ተናጋሪ፣ ተጫዋቹ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ የሠራተኛ ልጅ ናቸው። ያኔ ሞንትሪያል ውስጥ አለቃ በእንግሊዝኛ ያዛል፤ ሠራተኛው በፈረንሳይኛ ያጉረመርማል። ማርች 17 ማታ ጉርምርምታው ፈነዳ። ጨዋታው ተቋረጠ፣ ሱቅ ተሰበረ፣ መስተዋት ረገፈ። ያቺን ሌሊት የኪውቤክ ሕዝብ መነሣሣት ምልክት አድርገው የሚቆጥሯት ብዙ ናቸው። እንግዲህ የሪሻር ማልያ ጨርቅ ነው ወይስ የታሪክ ሰነድ?

ሆኪ ሌላም ጉድ አለው። የኖቫ ስኮሺያ ጥቁሮች ከ1895 ጀምሮ የራሳቸው ሊግ ነበራቸው፤ በታላቁ ሊግ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ዊሊ ኦሪ በረዶውን የረገጠው ግን በ1958 ነው። ጨዋታ የአገር መስተዋት ነው ከተባለ ፊትን ብቻ ሳይሆን ጠባሳንም ማሳየት አለበት።

እኛስ? እኛም ሆኪ አለን፤ ያውም በረዶ የማይፈልግ። ቆልማማ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበች ሩር፣ ሁለት ቡድን፣ ሰፊ ሜዳ። ገና! በዚያች ቀን ሎሌው ጌታውን በግጥም ይዘልፋል፣ ጌታም አይቆጣም። ዓመቱን ሙሉ የታፈነ ነገር ሜዳ ላይ ይወጣል። ይህ ከሞንትሪያሉ ነገር በምን ያንሳል?

እኛ ግን ምን አደረግነው? ለበዓል ሰሞን ነጭ የለበሱ ወጣቶች ሩር ሲመቱ በቴሌቪዥን ሦስት ደቂቃ እናያለን፤ «ባህላችን» እንላለን፤ አለቀ። ስድቡ የለም፣ ግጥሙ የለም። ጌታው ለምን ያን ቀን ብቻ እንደማይቆጣ የሚጠይቅ የለም። ባህልን እንዲህ አጥቦ፣ ተኩሶ ማቅረብ እኔ ማክበር አልለውም።

«ገንዘብ የለም» እንዳትሉኝ። ድንቅነሽን በ2007 ሂዩስተን ድረስ ልከናል፤ እስከ 2013 አሜሪካ ቆይታ ነው የተመለሰች። ዐውደ ርዕይ ማዞር እናውቅበታለን ማለት ነው፤ ማዞሩ የሚታየን ግን ለፈረንጅ ሲሆን ነው። የ3.2 ሚሊዮን ዓመት አጽም ውቅያኖስ ካሻገርን፣ ጥቂት ዱላና ሩር፣ ፎቶግራፍ፣ የአዛውንቶች የተቀዳ ድምፅ በአንድ አይሱዙ ጭኖ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ጎንደር ማድረስ ይከብዳል? የትምህርት ቤት አዳራሽ ይበቃዋል እኮ!

ዱላውስ ይቆይ፤ እንጨት ሞልቷል፣ ነገም ይቆረጣል። ዘለፋውን በቃላቸው የያዙት፣ የሜዳውን ሕግ የሚያውቁት ሽማግሎች ግን በየዓመቱ እያነሱ ነው። የባህል ቢሮዎቻችን ለሚቀጥለው በዓል ጭፈራ ከማሰናዳታቸው በፊት አንድ መቅረጸ ድምፅ ይዘው እነሱ ዘንድ ይሂዱ።